ጃኬቴን ታጥቃ የሮጠች ልጅ

ይህ ገጠመኝ የደረሰብኝ ከአራት ዓመት በፊት፣ በኅዳር ጽዮን ማግስት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ጭኜ ብዙ መንገድ ሄጃለሁ፤ የዚያን ቀኑን ያህል ደጋግሜ የማስበው ጉዞ ግን የለኝም። ሩቅ አገር የሄድኩ እንዳይመስላችሁ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድረስ ያለችው፣ ዓይኔን ጨፍኜ የምነዳት መንገድ ናት።

እኔ ሹፌር ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ወልድያ አካባቢ ሲሆን ፍኖተ ሰላም ከመጣሁ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። የአንድ ኮሌጅ ሰርቪስ ሚኒባስ እነዳለሁ። ስለ ራሴ ማውራት ባልወድም አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም፤ አርፍጄ አላውቅም። ስድስት ሰዓት እንነሳለን ከተባለ ስድስት ሰዓት ላይ ሞተሬ ይነሳል፤ ያልደረሰ ይቀራል። አንድ ጊዜ አንድ ትልቅ አለቃችንን ቁርሱን ሳይጨርስ ትቼው ሄጄ በደብዳቤ ተገሥጫለሁ። ደብዳቤው አሁንም አለ፤ አላፍርበትም።

የሰውን ልጅ የምመዝነው በሰዓቱ ነበር። ባለቤቴ፣ "እኔን ያገባኸኝ መልኬን አይተህ ሳይሆን ለመጀመሪያው ቀጠሮ ቀድሜህ ስለተገኘሁ ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ስፖርተኞችን ደግሞ አልወድም ነበር። የሙዝ ልጣጭ ከመቀመጫ ሥር ይወሽቃሉ፣ "ጋሼ ሙዚቃውን ጨምረው" ይላሉ፣ ሲያሸንፉ የመኪናዬን ጣሪያ ይደበድባሉ፣ ሲሸነፉ በሩን ይወረውሩታል። ከእነሱ መሐል እናኑ የምትባለውን ልጅ ለይቼ የማውቃት በዝምታዋ ነው። የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ አምስት ሺህ ሜትር ትሮጣለች። የኋላ ወንበር ጥግ ይዛ ትቀመጣለች፣ ስትወርድ "እግዜር ይስጥልኝ ጋሽየ" ትላለች። ከዚያ ያለፈ ወሬ አልነበረንም።

በዚያ ዓመት የዞኑ ማጣሪያ ውድድር ቡሬ ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ወደ ክልል ያልፋሉ፤ ክልል ላይ ደግሞ የክለብ ሰዎች እየመጡ ልጆች ይመለምላሉ። ለእናኑ የመጨረሻ ዕድሏ ነበር። በሰኔ ትመረቃለች፤ ከተመረቀች በኋላ በኮሌጁ ስም መሮጥ የለም። አሰልጣኛችን ምናለ፣ "ይቺ ልጅ ካላለፈች ፊሽካዬን እሰቅላለሁ" እያለ ለሁላችንም ሲናገር ከርሟል።

ውድድሩ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ቀኑን የቆረጡት ቢሮ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። የጽዮን ማግስት መሆኑን ልብ ያሉት አይመስለኝም፤ ቢሉም ለገበሬው ምን ማለት እንደሆነ አላሰቡትም። የጎጃም ገበሬ በኅዳር ጽዮን ማጭድ አያነሳም። ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተኝቶ እንኳ ቢሆን፣ ደመና እያየ ቁጭ ብሎ ይውላታል እንጂ በዓል አይሽርም። በማግስቱ ታዲያ አገሩ ሁሉ ማሳ ላይ ነው።

እናኑ ለበዓሉ ወደ ቤተሰቦቿ ሄዳ ነበር። ቤታቸው ከማንኩሳ ወረድ ብሎ ነው። ከአሰልጣኙ ጋር የተስማሙት፣ ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ማንኩሳ አስፋልቱ ዳር ቆማ እንድትጠብቀንና በመንገዳችን እንድናነሳት ነው።

አምስት ልጆችና አሰልጣኙን ይዤ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ከፍኖተ ሰላም ተነሳሁ። ማንኩሳ ስደርስ ለስድስት ተኩል ሦስት ደቂቃ ይቀረው ነበር። እናኑ የለችም።

ስልኳ ላይ ብንደውል ዝግ ነው። አሥር ደቂቃ ቆምን። እኔ አሥር ደቂቃ ቆሜ ሰው ስጠብቅ በዕድሜዬ የመጀመሪያው መሆን አለበት። በመጨረሻ ከመንገዱ ማዶ ያለች አንዲት ባለሱቅ እየተሻገረች መጣችና፣ "የኮሌጅ መኪና እናንተ ናችሁ? እናኑ መልእክት ልካለች። የጎረቤታቸው የእማማ የሻረግ ማሳ ላይ ናት፤ ከቸኮላችሁ ሂዱ ብላለች" አለችን።

"ከቸኮላችሁ" የምትለዋ ቃል ደሜን አፈላችው። ምናለም ፊቱ ተለዋወጠ። "አንተ ወርደህ ጎትተህ አምጣልኝ፤ እኔ ልጆቹን ላሟሙቅ" አለኝ። የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ ባለሱቋ በጠቆመችኝ የእግር መንገድ ቁልቁል ወረድኩ። ሩብ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር የሄድኩት፤ ሰው ሁሉ ዕድል ሲለምን አንቺ ዕድል መጥቶ መንገድ ዳር ሲጠብቅሽ፣ ገለመሌ።

ቀና ስል ከቡሬ በኩል ያለው ሰማይ ጠቁሯል። በኅዳር እንዲህ ያለ ደመና ማየት ደግ አይደለም።

ማሳው ላይ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰው አለ። አብዛኛው ጤፍ ታስሯል፤ ነዶው ግን ገና ማሳው ላይ እንደተበተነ ነው። ሴቶቹና ወንዶቹ እየተሸከሙ ወደ ዳር ያመጡታል፤ አንድ አዛውንት ክምሩ ላይ ቆመው እየተቀበሉ ይደረድራሉ። እናኑ ጀርባዬን ሰጥታኝ ነዶ ተሸክማ ትራመዳለች። ፀጉሯ ጭድ በጭድ ሆኗል።

"እናኑ!" አልኩ። "ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ ጋሽየ። ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። ነዶውን ግን አላወረደችም፣ እርምጃዋንም አላቆመችም። እኔው ከኋላዋ እየተከተልኩ ነገሩን ስትነግረኝ ሰማሁ።

አምና አባቷ እግራቸው ተሰብሮ የተኙ ጊዜ እህላቸው ማሳ ላይ ሊቀር ነበር። እማማ የሻረግ ከእህታቸው ልጅ ጋር ሆነው ሦስት ቀን ሙሉ ወንፈል ገቡላቸው። ወንፈል ደግሞ ጉልበት በጉልበት የሚመለስ ነው። የአባቷ እግር አሁንም ሸክም አይችልም፤ እናቷ ወገባቸውን ያማቸዋል። ከቤቱ ለሥራ የሚሆን ሰው እሷ ብቻ ናት። ገና ሲነጋ ጀምረው እስከ ስድስት ሰዓት ከምረው ሊጨርሱ አስበው ነበር። ደመናውን ያዩ ሁለት ሰዎች ግን ወደየራሳቸው ማሳ ስለሮጡ ሥራው ወደ ኋላ ቀረ።

እማማ የሻረግ ወደ እኛ መጡ። አጭር፣ ቀጭን፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያሰሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸውም ማሳ ያው አንዱ ነው። የዓመት ጉርሳቸው እዚያ ተበትኖ ይታያል።

"ሂጂ ልጀ" አሏት። "ሰዎችሽ እየጠበቁሽ ነው። እኔ ምሬሻለሁ፤ ትናንት የዋለችው ጽዮን ምስክሬ ናት፣ ቅር አይለኝም።"

"አንቱ ቢምሩኝ ዝናቡ አይምርዎትም፣ እማማ" አለችና ሌላ ነዶ ለማንሳት ተመለሰች።

ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩ። ስለ ክልሉ ውድድር፣ ስለ ክለቦቹ፣ ስለ አሰልጣኙ ልፋት። እሷ ትመላለሳለች፤ እኔ መሐል ማሳ ቆሜ እናገራለሁ። ክምሩ ላይ የቆሙት አዛውንት ጥቂት ሰሙኝና፣ "ጌታው፣ እጅዎ ባዶ ሆኖ አፍዎን ብቻ እንዲህ ያደክሙታል? ፍርድም አይደል" አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እናኑ እንኳ አንገቷን አቀርቅራ ሳቀች። እኔም ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ ሥራ ይወጣልኛል። ጃኬቴን አውልቄ አጠገቤ ካለች አንዲት ብሳና ላይ ሰቀልኩና ነዶ አነሳሁ። የገበሬ ልጅ ነኝ፤ እንዴት እንደሚያዝ አውቀዋለሁ። ወገቤ ግን ከሃያ ዓመት በላይ መሪ ፊት ተቀምጦ ኖሯልና ለሦስተኛው ነዶ ስጎነበስ ይቅርታ ጠየቀኝ። የጤፉ ጭድ አንገቴ ውስጥ ገብቶ ይበላኛል፣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ይገባል፤ እማማ የሻረግ ባጠገቤ ባለፉ ቁጥር "ጉልበትዎን ያለምልመው" ይሉኛል።

ከላይ ከመንገዱ የመኪናዬ ጡሩንባ መጮኽ ጀመረ። ምናለ ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ቁልፉ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። አስፋልቱ ዳር እየተሟሟቁ ያሉት የአምስት ልጆች ውድድርም አብሮ እኔ ኪስ ውስጥ ነው።

ከእኔ ቀድሞ ለካ እሷ አስባዋለች። ነዶዋን አውርዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ጋሽየ፣ አንቱ ይሂዱ። በእኔ ምክንያት ልጆቹን አያስቀሩብኝ። ሲያልቅ በተገኘው እመጣለሁ።"

"ካልደረስሽስ?"

"ካልደረስሁ አልደረስሁም።"

ያለችው እንዲሁ ነው። እንዳዝንላትም ብላ አይደለም፣ እንድገረምባትም አይደለም። የሚሠራው ሥራ ከፊቷ ነበረ፤ ተመልሳ ጎነበሰች። እኔም ሰዓቴን አየሁ፤ ሰባት ሰዓት ከሩብ ይላል። ሽቅብ እያለከለኩ ወጣሁ።

ምናለ ብቻዬን መምጣቴን አየ። ሸሚዜን አየ፣ ፀጉሬ ላይ ያለውን ጭድ አየ፣ ገብቶ ተቀመጠ። ወደ ቡሬ ነዳሁ። አንዷ ልጅ፣ ሰናይት የምትባለዋ፣ ከኋላ ሆና "ትመጣለች እንዴ?" አለች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሜዳው በር ላይ አወረድኳቸው። ለመመዝገቢያ የተሰጠው ጊዜ እስከ ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት ነው። ምናለ የተወዳዳሪዎቹን ዝርዝር ይዞ ሲሄድ ጠራሁትና፣ "የኋላው ጎማ ተንፍሷል፤ አስነፍቼው ልምጣ" አልኩት።

ጎማው ድንጋይ ነበር። በሥራ ላይ ስዋሽ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ማንኩሳ መልሼ ነዳሁ። ማሳው ድረስ ወርጄ ላመጣት እንደማልችል አውቃለሁ፤ ጊዜው አይበቃም። መንገድ ዳር ቆማ ባገኛት ብዬ ነው። ግማሽ መንገድ ያህል ሄጄ ዳገቷን እንደወጣሁ፣ ከወዲያ በኩል አንድ ሰው በአስፋልቱ ጥግ እየሮጠ ሲመጣ አየሁ። እሷ ናት።

እጇን ብታሳይ ሞልቶ ከሚያልፈው ሚኒባስ የሚቆምላት ጠፍቷል። ስለዚህ ወደ ቡሬ በእግሯ ተነስታለች። የለበሰችው ያንኑ የማሳ ቀሚሷን ነው፣ እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ አድርጋለች፤ የመሮጫ ጫማዋንና ማሊያዋን በፌስታል ይዛለች። ወገቧ ላይ ደግሞ በእጅጌው የታሰረ አንድ ግራጫ ልብስ አለ። ጃኬቴ ነው።

ብሳናዋ ላይ ረስቼው መሄዴን እስከዚያች ደቂቃ አላወቅሁም።

መኪናውን አዙሬ በሩን ከፈትኩላት። ገብታ ትንፋሽ እንኳ ሳትሰበስብ፣ "ልጆቹ ደረሱ?" አለችኝ።

"ደርሰዋል" አልኳት። "ክምሩስ?"

"ተከደነ።" ከዚያ ጃኬቱን ፈታ አጣጥፋ ሰጠችኝ። "መንጃ ፈቃድዎ ከኪሱ ውስጥ አለ። ትራፊክ ቢይዝዎትስ ብየ ነው ይዠው የመጣሁ።"

ጃኬቱን ተቀበልኩ። ከማለዳ ጀምሮ ነዶ ስትሸከም የዋለች፣ ከፊቷ አምስት ሺህ ሜትር የሚጠብቃት ልጅ፣ የዕድሜዋ ውድድር እያመለጣት፣ በአንድ ቁጡ ሹፌር ጃኬት ወገቧን ታጥቃ ስድስት ሰባት ኪሎ ሜትር ሮጣለች። እኔ እኮ ማሳ ላይ ሰው ፊት የጮህኩባት ሰው ነኝ። አፈርኩ። የያዝኩትን ውኃ ሰጠኋት፤ ግማሹን ጠጥታ ወንበሩ ላይ ዘንበል እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት። ሰዓቱ እየሄደ ቢሆንም ጉድጓዶቹን ቀስ ብዬ ነው ያለፍኳቸው።

ሜዳው ስንደርስ ምናለ በሩ ላይ ቆሟል። መጀመሪያ እሷን አየ፣ ቀጥሎ የኋላ ጎማዬን አየ፣ ቀጥሎ እኔን። "ቶሎ በይ፣ ልብስሽን ቀይሪ" ብቻ አላት። ስሟ ይሰረዛል ብዬ ሠግቼ ነበር፤ ዝርዝሩን በኋላ ሳየው ከሁሉም በላይ የጻፈው የእሷን ነው።

ሩጫውን እኔ እንደ ስፖርት ሰው ልተርከው አልችልም። ሜዳውን አሥራ ሁለት ጊዜ ተኩል ዞሩት። እናኑ እስከ አሥረኛው ዙር ሁለተኛ ነበረች። እንዲህ ስትሮጥ ሳይ ለካ ታልፋለች አልኩ፤ ከማላውቀው ሰው ጎን ቆሜ እየጮህኩ ነበር። ከዚያ እግሯ ከበዳት። አንዷ አለፈቻት። መጨረሻው መስመር ላይ ደግሞ የራሳችን ልጅ ሰናይት ከጎኗ መጥታ በክንድ በማይሞላ ቀደመቻት። እናኑ አራተኛ ወጣች።

ምናለ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ጣለው። "አንዱን ሩጫ እኮ መንገድ ላይ ጨርሳው ነው የመጣችው" አለ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው።

እሷ መሬት ላይ ተዘርራ ቆየች። ተነስታ መጀመሪያ ያደረገችው ሰናይትን ማቀፍ ነው። "እንኳንም አንቺ ሆንሽ" ስትላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ከሚኒባሱ ጀርባ ሄዳ ጎማው አጠገብ ቁጭ ብላ አለቀሰች። አላለቀሰችም ብዬ ብጽፍ ታሪኩ ያምር ይሆናል፣ ግን ውሸት ነው። አምርራ ነው ያለቀሰችው። እኔም ወደዚያ ሰው እንዳይሄድ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅሁ፤ የመነሻ ሰዓታችን በሩብ ሰዓት አለፈ፤ ሞተሬን አላስነሳሁም።

ስንመለስ ሰማዩ አልቻለም። ከቡሬ ብዙም ሳንርቅ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። መጥረጊያው አልችል ብሎ በጭላንጭል ነው የምነዳው። ማንኩሳ አጠገብ ስንደርስ በመስታወቴ ወደ ኋላ አየሁ። እናኑ በመዳፏ የመስኮቱን ጉም ጠርጋ፣ ግንባሯን አስደግፋ፣ ማሳው ወዳለበት ወደ ታች ታያለች። በዚያ ዝናብ የሚታይ ነገር የለም። እሷ ግን ፈገግ አለች። ቆየት ብላ ሳቀች፤ ድምፅ ያለው ሳቅ።

"ምን ያስቅሻል?" አለቻት ሰናይት፣ ትንሽ ፈራ እያለች።

"ክምሩ ተከድኗል እኮ" አለች እናኑ።

ልጆቹ ነገሩ አልገባቸውም። ከእኔ በቀር የተረዳት አልነበረም። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ዝናቡ ነው እንዳልል መስኮቴ ዝግ ነው።

እናኑ በዚያው ዓመት በሰኔ ተመረቀች። ዛሬ ጅጋ አካባቢ ትምህርት ቤት ውስጥ ስፖርት ታስተምራለች። ወደ ክለብ የወሰዳት የለም፣ ስሟም በሬዲዮ አልተጠራም። ባለፈው መንገድ ላይ አግኝቻት፣ "ጋሽየ፣ ዛሬስ ጃኬትዎ የት አለ?" ብላ ሳቀችብኝ። ደህና ናት፤ ወፈር ብላለች፤ ተማሪዎቿ ከኋላዋ እየተንጫጩ ይከተሏታል።

ምናለ፣ ይህን ጽሑፍ ካነበብከው የጎማውን ነገር ይኸው ነግሬሃለሁ። የምታውቀው ይመስለኛል።

እኔ አሁንም አላረፍድም፤ ጠባዬ ነው። የቀረ ሰው ሲኖር ግን ሞተር ከማስነሳቴ በፊት ምን እንዳስቀረው እጠይቃለሁ። ሹፌሮች ተሰብስበን ምሳ ስንበላ አንዱ ዘፋኝ መጫኑን፣ ሌላው ዛሬ ውጭ አገር የሚሮጥ አትሌት መጫኑን ይተርካል። የእኔ ተራ ሲደርስ እናኑን እነግራቸዋለሁ። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ ስንተኛ ወጣች?

አራተኛ እላቸዋለሁ፤ ደረቴን ነፍቼ።